ሠላሳ ሰው በሚሞላው ምድር ቤት

ኮሪያ ለሚመጣ አዲስ ተማሪ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ስለ ቪዛው፣ ስለ ቤት ቀብዱ፣ ስለ ክረምቱ ካፖርት፣ ኪምቺ ስለሚሉት የኮመጠጠ ጎመን ይነገረዋል። ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አይነግረውም። እኔ በ2018 መስከረም ላይ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ስመጣ (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ቅዳሜ ማታ ያሳለፍኩት ዶርም ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ ነው። «ሰው የለም እንዴ እዚያ አገር?» ትለኛለች። ሰውማ ሞልቷል፤ ሴኡል ብቻዋን ወደ አሥር ሚሊዮን ሰው ታኖራለች። ያጣሁት የምቀርበውን ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከላቦራቶሪና ከጸሎት ቤት ውጭ ሰው ማወቅ ለሚፈልግ ነው። እኔ ሰው ያገኘሁት የሴኡል ፓንኮች ዘንድ ነው፤ ፓንክ በትንንሽ ምድር ቤቶች የሚጫወቱት ፈጣንና ጩኸታም የጊታር ሙዚቃ ነው። ጊታር መውደድ ግን ግዴታ አይደለም። እኔም ያደግሁት በጥላሁንና በአስቴር ነው፤ ይህን ሙዚቃ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ከልቤ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በ2019 ጸደይ ከሁለት የቋንቋ ትምህርት ጓደኞቼ ጋር ሆንግዴ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ሆንግዴ በሆንግክ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያለ፣ ማታ ማታ ሰው እንደ ጥምቀት የሚጋፋበት የወጣት መንደር ነው። አንዷ ጓደኛችን ከኡዝቤኪስታን ናት፣ ሌላው ከጋና። አንድ የዳንስ ቤት በር ላይ ጠባቂው ኡዝቤኳን አሳለፋትና እኔና ጋናዊው ጋ ሲደርስ ሁለት ክንዶቹን በኤክስ አጣመረ። እዚህ አገር ይህ ምልክት «አይቻልም» ማለት ነው፤ ቃል አይጨመርበትም። ጋናዊው ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ኡዝቤኳ ተመልሳ ወጣችና ከእኛ ጋር ቆመች። እንዲህ ያለ ቤት ሊያጋጥማችሁ እንደሚችል ቀድማችሁ እወቁ፤ ሁሉም እንዲህ ነው ግን አትበሉ።

ሁለት መንገድ እንደተሻገርን ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ጠባብ ደረጃ አየን። ግድግዳው ላይ ፖስተር በፖስተር ላይ ተለጥፎ ወፍሯል። ከታች የሚመጣው ድምፅ ቤት የሚያፈርሱ እንጂ ሙዚቃ የሚጫወቱ አይመስልም። ከደረጃው ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠች ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ልጅ ቀና ብላ አየችንና «አሥራ አምስት ሺህ ዎን ነው፤ አንድ መጠጥ አለበት» አለች። ከየት እንደመጣን አልጠየቀችም። እጃችን ላይ ማኅተም መታችና አለቀ።

ክፍሉ ከአንድ ቁርስ ቤት አይበልጥም። ሠላሳ ሰው ቢኖር ነው። መድረኩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ዘፋኙና ከፊት የቆመው ተመልካች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። አንዱ ባንድ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ወረደና ላቡን ሳይጠርግ ከእኛ ጋር ቆሞ ቀጣዩን ማየት ጀመረ። ከዚያ አጠገቤ ቢራ ይጠጣ የነበረው ልጅ ቢራውን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ «ያዥልኝ» ብሎ ወጣና ድራሙ ላይ ተቀመጠ። ያን ሌሊት ስንት ሰው ተመልካች፣ ስንቱ ሙዚቀኛ እንደሆነ መቁጠር አልቻልኩም።

በኋላ ታሪኩን ሳውቅ ነገሩ ድንገት እንዳልሆነ ገባኝ። ሆንግዴ ውስጥ ድራግ የሚባል ክለብ በ1994 ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ የአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ የከርት ኮቤይን ሙት ዓመት እዚያ በሙዚቃ ታሰበ፤ ብዙ ሰው የኮሪያ ፓንክን ልደት የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ክራይንግ ነት የሚባሉት፣ ዛሬ ኮሪያ ውስጥ ታክሲ ነጂው ሁሉ የሚያውቃቸው ልጆች፣ በመጀመሪያ የዚያ ቤት ተመልካቾች ነበሩ። የአንድ ሰፈር አብሮ አደጎች ናቸው፤ ሁለቱ እንዲያውም መንታ ወንድማማቾች። በ1996 ዬሎ ኪችን ከሚባል ባንድ ጋር ተካፍለው አንድ አልበም አወጡ። «ማል ዳሊጃ» የሚለው ዘፈናቸው፣ ፈረስ እንጋልብ እንደማለት ነው፣ ዛሬም ኖሬባንግ በሚባሉት የዘፈን ቤቶች ውስጥ ከረባት ያሰረው የቢሮ ሰው ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጮኸው ነው። ከእነሱ እኩል ኖ ብሬይን የሚባሉት ተነሡ፤ በ2001 ጃፓን ፉጂ ሮክ ፌስቲቫል ላይ የቅኝ ገዢዋን ጃፓን የፀሐይ ጨረር ባንዲራ መድረክ ላይ ቀድደዋል። ይህን ሁሉ ራሳቸው «ጆሶን ፓንክ» ብለው ጠሩት፤ ጆሶን የድሮው መንግሥታቸው ስም ነው።

የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ምግብ ቤት ተብሎ በተመዘገበ ቤት ውስጥ ባንድ ማጫወት ሕገ ወጥ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው በ1999 ነው። እስከዚያ ያሉት እንዲህ ያሉ ኮንሰርቶች በሙሉ ከሕግ ውጭ ነበሩ ማለት ነው።

ወደ መጀመሪያው ሌሊት ልመለስ። ሦስተኛው ባንድ ሲጀምር ከመካከል ያሉት ልጆች እርስ በርስ መጋፋትና መላተም ጀመሩ፤ ከዚያ አንዱ «ስሌም! ስሌም!» እያለ ይጮሃል። «ሰላም» የሚል መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየተደባደቡ ሰላም ይላሉ! ለካ ይህን ግፊያ የሚጠሩበት ቃል ነው። ለማያውቅ ጠብ ይመስላል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ሰው ከወደቀ ሁሉም ቆሞ ያነሣዋል፣ መነጽር ከወደቀ ያገኘው ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ግድግዳው ዳር የቆመ ሰው አይገፋም። መጋፋት የማይፈልግ ግድግዳውን ይያዝ። ከዚያ ደግሞ «የባቡር ጨዋታ» የሚሉት አለ፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ክፍሉን ይዞራል፣ ልክ እኛ ልጅ ሳለን ባቡር ባቡር እንደምንጫወተው። ከፊቴ የነበረችው ሴት ጃኬቷ ላይ ብረት የሰካካች፣ ፊቷ የሚያስፈራ ነበረች። ዞር ብላ እጄን ይዛ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው። በስድስት ወር ውስጥ የነካኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልግባ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ወደ ቤት አትሂዱ። ኮሪያውያን ድዊፑሪ የሚሉት አለ፤ ባንዶቹና ተመልካቹ አብረው ወጥተው የሚበሉበትና የሚጠጡበት ማለት ነው። ሰው የሚተዋወቀው እዚያ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አፍሬ ሄድኩ። በሦስተኛው አረንጓዴ ጸጉሯ ልጅ ደረጃው ላይ ጠብቃ «ዛሬም ልትሸሺ ነው?» አለችኝ። ሠላሳ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ የታየ ሰው እንግዳ አይደለም። ለካ ሲቆጥሩኝ ነበር።

ድዊፑሪው ግን ለእኛ ሰው ፈተና አለው፤ ሳምግዮፕሳል የሚሉት የአሳማ ሥጋ ጠረጴዛው መካከል ባለ ምድጃ ላይ ይጠበሳል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አሳማ አልበላም፤ ቀኑ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ጾም ነው። መጀመሪያ «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ ዋሸሁ። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር፤ መድኃኒት ሊገዙልኝ ተነሡ። በኋላ እውነቱን ስነግራቸው ማንም አልተቀየመም፤ ቶፉ፣ የተጠበሰ ድንችና ባዶ ሩዝ አዘዙልኝ። ኪምቺ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ አብዛኛው የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ አለበት። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ።) ሙስሊም ወይም ጴንጤ ሆናችሁ ለማትጠጡም ቦታ አለ። ስትሬት ኤጅ የሚሏቸው መጠጥም ሲጋራም የማይነኩ ፓንኮች አሉ፤ ከ1999 ጀምሮ የሚጫወቱት ዘ ጊክስ የዚያ ወገን ናቸው። ምልክታቸው እጅ ላይ በጥቁር የሚሳል ኤክስ ነው። የዳንስ ቤቱ ጠባቂ ክንዶች ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሶጁ የሚሉት አረቄያቸው ሲቀዳ ደንብ አለው። ለታላቅ የሚቀዳው በሁለት እጅ ነው፤ ወይም ግራ እጅን ቀኝ ክንድ ላይ አስደግፎ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴ ለእንግዳ ውኃ ስታቀብል ስታደርገው ያየሁት ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ ብሎ አየኝ። አንዱ ጊታር ተጫዋች «ይቺ ኮሪያዊት ናት!» ብሎ ጮኸ። ከየት እንደሆንኩ ስነግራቸው ሌላው «ቹንቾን!» አለ፤ ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት ጉዞ እዚያ ያለውን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አይቷል። ስለ ቃኘው ሻለቃ ከፓንክ ጋር አወራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። የኮሪያ ቋንቋ አንቱና አንተ ያለው ነው፤ አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፣ ፈረንጆቹ ዓመት ሙሉ የሚደናበሩበትን እኛ በሳምንት እንረዳዋለን። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የተወለዱበት ዓመት ይጠየቃል። ሴት ከሆንሽ፣ የምትበልጥሽን ሴት «ኦኒ» ትያታለሽ፤ የሚበልጥሽ ወንድ «ኦፓ» ነው። እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው ማለት ነው። አንቱታው የሚቀረው አንዱ «ንግግራችንን እናውርደው» ሲል ብቻ ነው። አረንጓዴ ጸጉሯ ልጅ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። በአራተኛው ቅዳሜ «አውርጂው» አለችኝ። ላቦራቶሪዬ ውስጥ ሁለት ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች ይህን ብለውኝ አያውቁም።

እዚህ ላይ ግን እንዳላጋንን። ፓንኮቹ ስለ እኩልነት ሲዘፍኑ አምሽተው፣ ድዊፑሪ ላይ ታናሹ ይቀዳል፣ ታናሹ ዕቃ ይሸከማል፣ ታናሹ የታላቁን ረጅም ወሬ ይሰማል። ከሃያ ዓመት በፊት የጀመሩት አዲሶቹን የሚገሥጹበት ቃና ከፕሮፌሰሬ አይለይም። አንድ ቀን ደግሞ የሰከረ ሰው ሹሩባዬን ሳይጠይቀኝ ጎተተው። ቤዝ የምትጫወት ሴት እጁን አንሥታ «ይቅርታ በላት» አለችው፤ እስኪል ድረስ አልለቀቀችውም። እንዲህ ዓይነት ሰው አለ፣ እንዲህ የምትቆምም አለች።

ከዚህች ቤዝ ተጫዋች ጋር ያቀራረበን አያቴ ናት ብል ማን ያምነኛል? ልጅቷ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፣ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። ኮሪያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከሐኪም በቀር ሰው መንቀስ በሕግ ክልክል ነበር፤ ሥራው ይሠራ የነበረው ተደብቆ ነው። «የእናንተ አገር ሰው ምን ይላል?» ስትለኝ ስልኬን አውጥቼ የአያቴን ፎቶ አሳየኋት። አንገቷ ዙሪያውን በንቅሳት የተደረደረ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያለው፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች የጎንደር ባልቴት። ልጅቷ ስልኬን አልመልስ አለች። ጠረጴዛውን ሁሉ አዞረችው። አያቴ ሳታውቀው በአንድ ሌሊት የሆንግዴ ፓንኮች አለቃ ሆነች።

ጥያቄ የሚበዛባችሁ አንድ ርዕስ ስላለ ልንገራችሁ፤ ለኮሪያውያን አዛውንቶች ፓንክ ስትሏቸው ትዝ የሚላቸው አሳፋሪ ነገር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2005 ኤምቢሲ ቴሌቪዥን በቀጥታ በሚያስተላልፈው የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ራክስ የሚባል ባንድ ሲጫወት፣ አብረው የወጡ ሁለት ሙዚቀኞች ሱሪያቸውን አወለቁ። አገር ተናወጠ፤ ሁለቱ ታሰሩ፣ ፕሮግራሙም ቀረ። ዕዳውን የከፈሉት ግን እዚያ ያልነበሩት ባንዶች ናቸው፤ ፓንክ ከቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ ተባረረ። የቤት ኪራይ የምሰጣቸው እመቤት ቅዳሜ የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ «ኮንሰርት» ብዬ የማቆመው ለዚህ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ግን ፓንኩን የጎዳው ኪራይ ይመስለኛል። ሰፈሩን ያደመቁት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሰፈሩ ሲደምቅ ኪራዩ ናረ፤ ሲንር ሙዚቀኞቹ ወጡ። የድራግ ምድር ቤት በ2004 የራክስ ዘፋኝ የሚመራው ስከንክ ሄል ሆነ፣ እሱም በ2009 ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በገና ዋዜማ፣ ሆንግክ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ አጠገብ ዱሪባን የሚባል የኑድል ቤት ለሕንፃ ግንባታ ሲባል ባለቤቲቱ በጉልበት ተባረሩ። ሴትዮዋ ግን ተመልሰው ገብተው አንወጣም አሉ። ሙዚቀኞቹም ተከተሏቸው፤ በ2010 የሠራተኞች ቀን ላይ ከሃምሳ በላይ ባንዶች እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ተጫወቱ። መብራት ተቆረጠባቸው፣ ቀጠሉ። ከ531 ቀን በኋላ ስምምነት ተደርሶ ሴትዮዋ እዚያው አካባቢ ቤታቸውን እንደገና ከፈቱ። እዚያ ከነበሩት ባንዶች አንዱ፣ ስሙ «የባምሶም የባሕር ወንበዴዎች» ነው፣ በሰሜንም በደቡብም ላይ የሚያላግጥ ነበር። ፕሮዲዩሰራቸው በ2012 የሰሜን ኮሪያን የትዊተር ጽሑፎች ለቀልድ በማጋራቱ በብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ተከሶ ታሰረ፤ በመጨረሻ በነፃ ተለቀቀ። ይህን እንድታውቁት የምፈልገው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እኛ በቪዛ ነው ያለነው፣ ስለ ሰሜኑ የሚቀለደውን ቀልድ ሁሉ ስልካችሁ ላይ አታጋሩ።

ዛሬ ሆንግዴ ብቻ ብትፈልጉ ግማሹን ታጣላችሁ። ከወንዙ ማዶ ሙሌ የሚባል ሰፈር አለ፤ ቀን ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ የሚውልበት፣ ማታ ቆርቆሮው በር ሲዘጋ ሙዚቃ የሚጀመርበት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን አስቡት፣ ሱቆቹ ሲዘጉ ጊታር ሲወጣ። ስከንክ ሄልም በ2015 እንደገና የተከፈተው እዚያ ነው፤ ጂቢኤን የሚባለው የሙዚቃ ቤትም የተከፈተው እዚያ ነው። ከሴኡል ውጭ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ድሪንኪንግ ቦይዝ ኤንድ ገርልዝ ኳየር የሚባሉት ከዴጉ ናቸው።

ኮሮና ሲመጣ ሁሉም ቆመ። በ2021 መጀመሪያ አንዳንድ ክለቦች ሰው ቀንሰው ሲከፍቱ የወረዳ ሠራተኞች መጥተው ኮንሰርቱን አስቆሙ፤ ምክንያቱ ቤቶቹ በወረቀት «ተራ ምግብ ቤት» መሆናቸው ነው። አንድ ባለሥልጣን ነገሩን ከሰባ ዓመት ልደት ድግስ ጋር አመሳስሎ ተናገረና ሙዚቀኞቹ አበዱ። በ1999 የተፈታ የመሰለው ነገር በሃያ ሁለት ዓመቱ ተመለሰ። እኔ ያኔ የማስተርስ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነበር፣ በኢንተርኔት የሚተላለፉትን ኮንሰርቶች እያየሁ። ስላንት የሚባሉት የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት በዚያው ዓመት ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ። ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት እሱን ነው።

የምትሄዱበትን ለማግኘት የክለቦቹንና የባንዶቹን ኢንስታግራም ተከተሉ፤ ሌላ የታመነ መንገድ የለም። ፖስተሩ ላይ ሁለት ዋጋ ታያላችሁ፤ አንዱ ቀድሞ ለከፈለ፣ ሌላው በር ላይ ለሚከፍል። የኮሪያ ባንክ ሒሳብ ከሌላችሁ መልእክት ጻፉላቸው፣ ስማችሁን በወረቀት ይጽፋሉ። ቲሸርት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዝውውር ነው። የጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ እኔ ስላልገዛሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ሲጮህ ከርሟል። ሜትሮው እኩለ ሌሊት ገደማ ቆሞ ንጋት አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በእኛ አሥራ አንድ ተኩል መሆኑ ነው፣ ይጀምራል፤ በመካከል «ጉጉት» የሚሏቸው የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። ድዊፑሪ የሚረዝመውም አንድም ለዚህ ነው፤ ሁሉም የመጀመሪያውን ባቡር ይጠብቃል። ባንድ ውስጥ ግቡ ካሏችሁ ግቡ፣ በተማሪ ቪዛ ግን ያለ ፈቃድ የሙዚቃ ክፍያ አትቀበሉ፤ ኢሚግሬሽን እንደ ሥራ ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ወንዶቹ ድንገት ቢጠፉባችሁ አትቀየሙ፤ ወታደር ቤት ሄደው ነው። ባንድ በዚህ ምክንያት ይፈርሳል። ክራይንግ ነቶች የተረፉት አብረው በመግባታቸው ነው ይላሉ ታላላቆቹ፣ እንደ ማኅበር ጽዋ አንድ ላይ።

ባለፈው መጋቢት አረንጓዴ ጸጉሯን ልጅ ሆንግዴ አገኘኋት። ጸጉሯ አሁን ጥቁር ነው፤ የሒሳብ መሥሪያ ቤት ገብታለች፣ ቅዳሜ ብቻ በር ላይ ትቀመጣለች። ያ ምድር ቤት ራስን በራስ ፎቶ የሚያነሡበት ስቱዲዮ ሆኗል። «እንግባ» አለች። ደረጃው ያው ነው፣ ፖስተሮቹ ተልጠው ግድግዳው ሮዝ ተቀብቷል። የድራሙ ቦታ የነበረበት ጥግ ላይ ካሜራ ቆሟል። አራት ፎቶ ነው የሚያነሣው። በመጀመሪያው ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነናል። በሁለተኛው እሷ ክንዶቿን በኤክስ አጣምራለች፣ እኔ እየሳቅሁ ነው። የቀሩት ሁለቱ ላይ የሚታየው የወንበሩ እግር ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ሙሌ የሚጀመረው ኮንሰርት እንዳያመልጠን ሮጠን ወጥተን ነበር።